ጉሙን ማን አጠፋው? «ስቱዲዮ ሲቀየር ጌሙ ይሞታል» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ጌመሮች እየተቀባበሉት ያለውን «ስቱዲዮ ሲቀየር ጌሙ ይሞታል» የሚለውን ጽሑፍ እኔም አነበብኩት። ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ጸሐፊው የሚለው አንድ የምንወደው ጌም ከፈጠሩት ሰዎች እጅ ወጥቶ ለሌላ ስቱዲዮ (ጌም ለሚሰራ ሌላ ቤት) ከተሰጠ በቃ አለቀለት ነው፣ ነፍሱ እዛው የድሮው ስቱዲዮ ትቀራለች፣ አዲሶቹ የሚያገኙት ስሙን ብቻ ነው፣ ለዚህም ምስክሮቹ የጂቲኤ ትሪሎጂ (ሶስቱ የድሮ ጂቲኤዎች ታድሰው የወጡበት) እና ሄይሎ የሚባለው የተኩስ ጌም ናቸው፣ አዲሶቹ ልጆች ደግሞ ለጌሙ ፍቅር የላቸውም ደሞዝተኞች ናቸው፣ ስለዚህ ሰሪዎቹ ሲሄዱ ጌሙም አብሯቸው ቢያበቃ ይሻላል ይላል። አጻጻፉ አሪፍ ነው፣ ንዴቱም ይገባኛል። ግን ወንድማችን የጮኸው ጥፋተኛው ላይ ሳይሆን አጠገቡ ቆሞ የነበረው ሰው ላይ ነው። እሱ በጻፈበት ቅደም ተከተል ልሂድና ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ነፍሱ ያለችው የመጀመሪያው ስቱዲዮ ውስጥ ነው ላለው

የቱ ስቱዲዮ? ስቱዲዮ ማለት እኮ በር ላይ የተሰቀለ ታፔላ ነው፣ ሰው ይገባል ይወጣል ታፔላው እዛው ነው። ኮል ኦፍ ዱቲ የሚባለውን የጦርነት ጌም እንውሰድ፣ የማያውቀው ስለሌለ። የመጀመሪያውን በ2003 የሰራው ኢንፊኒቲ ዋርድ ነው። ኢንፊኒቲ ዋርድ ደግሞ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ኦክላሆማ ተልሳ ውስጥ 2015 የሚባል ስቱዲዮ ነበር (አዎ ስሙ ቁጥር ነው)፣ በ2002 የወጣውን ሜዳል ኦፍ ኦነር አላይድ አሶልት የሚባለውን ሌላ የጦርነት ጌም የሰራው እሱ ነው፣ ከሰሩት ልጆች ውስጥ ሃያ ምናምኑ ለቀው ወጥተው ነው ኢንፊኒቲ ዋርድን ያቋቋሙት። ልብ በሉ፣ ሜዳል ኦፍ ኦነር ራሱ የነሱ ፈጠራ አልነበረም፣ በ1999 ፕሌስቴሽን 1 ላይ የጀመረው ድሪምወርክስ ኢንተራክቲቭ ነው፣ እነሱ የሰው ጌም ተሰጥቷቸው ነው የሰሩት። እና የሰው ጌም የሚነካ ሁሉ ገዳይ ከሆነ ኮል ኦፍ ዱቲ የሚባል ነገር ከነጭራሹ አይኖርም ነበር፣ ሰዎቹ እጃቸውን ያፍታቱት የሌላ ሰው ጌም ላይ ነዋ።

ከዛ 2010 መጣ። ሞደርን ዋርፌር 2 የሚባለው ኮል ኦፍ ዱቲ ገበያውን ባጥለቀለቀ በጥቂት ወሩ፣ ማርች ላይ፣ የኮል ኦፍ ዱቲ ባለቤት አክቲቪዥን የኢንፊኒቲ ዋርድን ሁለት አለቆች ጄሰን ዌስትንና ቪንስ ዛምፔላን አባረራቸው፣ ፍርድ ቤት ተካሰሱ፣ የስቱዲዮው ሰዎችም እግር በእግር እየለቀቁ ሁለቱ ወዳቋቋሙት ሪስፖውን የሚባል ስቱዲዮ ሄዱ፣ ታይታንፎልና ኤፔክስ ሌጀንድስ የሚባሉት ጌሞች የመጡት ከዛ ነው። በዓመቱ ሞደርን ዋርፌር 3 ሲወጣ ኢንፊኒቲ ዋርድ የሚለው ስም አለ፣ ግን ስሌጅሀመር ጌምስ የሚባል ሌላ ስቱዲዮ አብሮ ገብቶበት ነው ያለቀው። እስቲ ጸሐፊው ይንገረን፣ ይሄ ጌም ተላልፏል ወይስ አልተላለፈም? ታፔላውን ካየህ ምንም አልተነካም፣ ሰዎቹን ካየህ ግማሹ የለም። አንዱን ይምረጥ።

ጂቲኤ ትሪሎጂን እዩ ላለው

እሺ እንየው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙዎቻችንን ያቃጠለው ይሄኛው ነው። ሳን አንድሪያስ የወጣው በ2004 ነው፣ እኛ ግን ፕሌስቴሽን ቤት ውስጥ በሰዓት እየከፈልን ከዛ በኋላም ስንት ዓመት ተጫውተነዋል፣ ቺቱ (ታንኩን የሚያመጣው የቁልፍ ቅደም ተከተል) ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ተጽፎ ቴሌቪዥኑ ጎን ይለጠፋል፣ ወረቀቱ ከመነካካት ብዛት ሶስት ማዕዘኑና ክቡ አይለይም፣ አንዷን ከሳትክ ታንኩ አይመጣም። ስለዚህ ኖቬምበር 2021 ላይ የጂቲኤ ባለቤት ሮክስታር ጂቲኤ 3ን፣ ቫይስ ሲቲንና ሳን አንድሪያስን አድሶ ዴፊኒቲቭ ኤዲሽን ብሎ ሲያወጣ ምን ጠብቀን እንደነበር መናገር አያስፈልግም። የመጣው ነገር ጉድ ነው። ዝናቡ ነጭ ክር ሆኖ መንገዱን አያሳይም፣ የሱቅ ጽሑፎቹን ሶፍትዌር እንዲያጠራቸው ስለተደረገ ፊደሎቹ ተሳስተዋል፣ የብሎን ዳዶ ቅርጽ የነበረው የአንድ ሱቅ ምልክት ሳይቀር ማዕዘኖቹ ተልጠው ድቡልቡል ሆኖ አረፈው።

የባሰው ግን ጉሙ ነው። የድሮው ሳን አንድሪያስ ላይ ራቅ ያለ ነገር ሁሉ በጉም ይሸፈን ነበር፣ ፒኤስ 2 ያን ሁሉ ከተማ ባንዴ መሳል ስለማይችል ነው፣ ሰሪዎቹ ግን የማሽኑን ድካም ለራሳቸው ተጠቀሙበት፣ ከጌሙ ከተሞች አንዷ ከሎስ ሳንቶስ ወጥተህ ገጠሩን አቋርጠህ ሳን ፊዬሮ ስትገባ ሌላ አገር የደረስክ የሚመስልህ መንገዱ ረጅም ሆኖ ሳይሆን የምትሄድበትን ስለማታየው ነው። አዲሱ ላይ ያ ጉም የለም። በአውሮፕላን ከፍ ስትል ከተሞቹ ጎን ለጎን ተኮልኩለው ይታዩሃል፣ ያ ማውንት ቺሊያድ የምንለው ተራራ ጉብታ ሆኗል፣ ያንን ሁሉ ዓመት የዞርንበት አገር ካንድ ቀበሌ አይበልጥም ለካ ትላለህ።

እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። የምንለያየው «የሌላ ስቱዲዮ እጅ ስለገባ ነው» ሲል ነው። ስራው የተሰጠው ግሮቭ ስትሪት ጌምስ ለሚባል ፍሎሪዳ ያለ ትንሽ ስቱዲዮ ነው፣ ድሮ ዋር ድራም ይባል የነበረው፣ የሳን አንድሪያስን የሞባይል ቨርዥን የሰራው። ለዚህ ትንሽ ቤት ሶስት ግዙፍ ጌም ባንዴ፣ ለኮንሶሎቹም ለፒሲም፣ ባንድ ቀን እንዲወጣ ተሰጠው። ማነው የሰጠው? ማነው የመጨረሻውን አይቶ «ደርሷል ይሸጥ» ያለው? ማነው ገና አዲሱ ሳይወጣ የድሮዎቹን ከኦንላይን ሱቆች አንስቶ ሰውን አማራጭ ያሳጣው? ሮክስታር ነዋ! ጸሐፊው ነፍሱ እሱ ጋ ናት የሚለው ራሱ ሮክስታር። ይቅርታ የጠየቀውም የድሮዎቹንም ለፒሲ መልሶ ያወጣውም እሱ ነው፣ ጌሙ በወጣ በሳምንቱ ገደማ።

ቀጥሎ የሆነውን ደግሞ ጸሐፊው ዘሎታል። ኖቬምበር 2024 ላይ ትልቅ አፕዴት መጣ፣ የድሮው ብርሃን ተመለሰ፣ ጉሙም ተመለሰ። ያስተካከለው ማነው፣ ኦሪጅናሎቹን የሰራው የስኮትላንዱ ቡድን? አይደለም፣ ቪዲዮ ጌምስ ዴሉክስ የሚባል ሲድኒ ያለ ሌላ ስቱዲዮ ነው፣ መጀመሪያ በሞባይሉ ቨርዥን ላይ ሰርቶት ነው ወደ ኮንሶልና ፒሲ የተሻገረው። ያው ሌላ እጅ ማለት ነው። እንደውም በ2025 ሮክስታር ስቱዲዮውን ገዝቶት አሁን ሮክስታር አውስትራሊያ ተብሏል። የግሮቭ ስትሪት ስም ግን በዛው አፕዴት ከመክፈቻው ስክሪን ላይ ተነሳ፣ ይሄን ሳልናገር አላልፍም ምክንያቱም አስጠልቶኛል፣ የሰዎቹ ድካም ጌሙ ውስጥ እያለ ስማቸውን አንስቶ ስድቡን ብቻ ለነሱ መተው ነውር ነው። ጸሐፊውም ሳይታወቀው ያንኑ አደረገ።

ጉም ካነሳን አይቀር ሳይለንት ሂል የሚባለውን የሚያስፈራ ጌም ልጨምር፣ እሱ ባያነሳውም። እሱም ላይ ጉሙ የመጣው በ1999 የፕሌስቴሽን 1ን አቅም ለመሸፈን ነው፣ በኋላ ግን የፍርሃቱ ዋናው ነገር እሱ ሆነ። በ2012 ባለቤቱ ኮናሚ ሳይለንት ሂል 2ንና 3ን ሂጂንክስ ለሚባል ስቱዲዮ ለኤችዲ እድሳት ሰጠ፣ ጉሙ ሳስቶ መደበቅ ያለበት ሁሉ ተገለጠ፣ ሰው በሂጂንክስ ላይ ተረባረበ። ለካ ኮናሚ የሰጣቸው ኮድ ያለቀው ኮድ አይደለም! የመጨረሻው ቨርዥን ተጠብቆ ስላልተቀመጠ ያላለቀውን ነው የሰጧቸው፣ ልጆቹ ጌሙን ከማደሳቸው በፊት የድሮዎቹ ሰሪዎች ከዓመታት በፊት ያረሟቸውን ባጎች (የጌሙን ስህተቶች) እንደገና ማረም ነበረባቸው። ይሄ የማን ጥፋት ነው? በ2024 ያው ሳይለንት ሂል 2 ለፖላንዱ ብሉበር ቲም ተሰጠ፣ ገና ሲነገር «በቃ ገደሉት» ያላለ የለም፣ ኮናሚ ግን ጊዜ ሰጣቸው፣ ድሮ ጭራቆቹን የነደፈውን ማሳሂሮ ኢቶንና ሙዚቃውን የሰራውን አኪራ ያማኦካን አብሯቸው አስቀመጠ፣ ጌሙ ኦክቶበር ላይ ወጣና የሰደበው ሰው ሁሉ ጭጭ አለ። ያው ጌም፣ ያው ባለቤት፣ ሁለቱም ጊዜ የውጭ ስቱዲዮ። የተለየው የተሰጣቸው ነገር ነው።

ሄይሎን ባንጂ ይዞት ቢቀጥል ኖሮ ላለው

ሄይሎን የፈጠረው ባንጂ እኮ ራሱ ነው የሄደው! ማይክሮሶፍት ባንጂን በ2000 ገዛው፣ ሄይሎ በ2001 ከመጀመሪያው የማይክሮሶፍት የጌም ማሽን ከኤክስቦክስ ጋር አብሮ ወጣ፣ ኤክስቦክስን ሰው ያደረገው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሄይሎ 3 በ2007 በወጣ ሳይውል ሳያድር ባንጂ ከማይክሮሶፍት መለየቱን አሳወቀ፣ የሄይሎ ባለቤትነት እዛው ቀረ፣ በ2010 ሄይሎ ሪችን አስረክበው ውልቅ አሉ፣ ቀጥለው ደስቲኒን ሰሩ። ሰዎቹ ሌላ ነገር መስራት አማራቸው፣ አስር ዓመት ሙሉ አንድ ጌም ላይ የተቀመጠ ሰው ቢሰለች ምን ይገርማል። ስለዚህ «ባንጂ ይዞት ቢቀጥል» የሚባል ምርጫ አልነበረም፣ የነበረው ሌላ ይስራው ወይስ ይቅር ነው።

ከዛ ወዲህ ያለውን ግን አልከራከርም። ለሄይሎ ብሎ የተቋቋመው 343 ኢንደስትሪስ በ2014 የድሮ ሄይሎዎችን የሰበሰበውን ማስተር ቺፍ ኮሌክሽንን ሲያወጣ ኦንላይን አብሮህ የሚጫወት ሰው ማግኘት ራሱ ሌላ ጌም ነበር፣ ሄይሎ ኢንፊኒትን በ2020 ሲያሳይ ሳቅ ተሳቀበት ተብሎ ከዓመት በላይ ተራዘመ፣ ቃል የተገባው ባንድ ቴሌቪዥን ሁለት ሆኖ ካምፔይን (የታሪኩን ክፍል) መጫወት በ2022 ተሰረዘ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ጸሐፊው ግን ምክንያቱን «ባንጂ ስላልሆኑ» ብሎ ይዘጋዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፣ ስቱዲዮው በኮንትራት ሰራተኛ የተሞላ ነበር፣ ማይክሮሶፍት ውስጥ ደግሞ ኮንትራት ሰራተኛ ከ18 ወር በላይ አከታትሎ መስራት አይፈቀድለትም፣ ጌሙ የሚሰራበት ስሊፕስፔስ የሚባለው ኢንጂን ደግሞ የራሳቸው ብቻ ስለሆነ ሌላ ቦታ ተምረኸው አትመጣም። ልጁ ወራት ፈጅቶ ይለምደዋል፣ እጁ ሲፍታታ ውሉ ያልቃል፣ አዲስ ልጅ ይመጣል፣ እንደገና ከሀ። ባንጂንም በዚህ አሰራር አስቀምጡትና እናያለን። በ2024 ራሳቸው ስማቸውን ሄይሎ ስቱዲዮስ ብለው ቀይረው ሌሎች ስቱዲዮዎችም ወደሚጠቀሙበት አንሪል ኢንጂን 5 እንዞራለን ማለታቸው ችግሩ የት እንደነበር ይነግርሃል።

አዲሶቹ ፍቅር የላቸውም፣ ደሞዝተኞች ናቸው ላለው

የድሮዎቹስ በነጻ ነበር እንዴ የሚሰሩት? እንለፈው። ፍቅር ከፈጣሪው ጋር ብቻ ነው የሚኖረው የሚለውን ለማየት ኒንቴንዶ ከሚባለው የጃፓን ካምፓኒ ጌም ከሜትሮይድ የተሻለ የለም፣ እኛ ጋ ኒንቴንዶ ብዙ ባይታወቅም። ሜትሮይድ በ1986 ጃፓን ተጀመረ፣ ከ1994ቱ ሱፐር ሜትሮይድ በኋላ ለዓመታት ጠፋ፣ ከዛ ኒንቴንዶ ማን ላይ ጣለው፣ ቴክሳስ ኦስቲን ያለ ሬትሮ ስቱዲዮስ የሚባል፣ በሕይወቱ አንድ ጌም ጨርሶ አውጥቶ የማያውቅ ስቱዲዮ ላይ። ያውም ከጎን የሚታየውን ጌም ወደ ፈርስት ፐርሰን (በጀግናዋ ዓይን ወደሚታይ) ቀይረው። አድናቂው በንዴት አበደ። በ2002 ሜትሮይድ ፕራይም ወጣ፣ የሃያሲዎችን ነጥብ በሚያሰላው ሜታክሪቲክ ላይ ከ100 97፣ እስካሁን ከምንጊዜም ምርጥ ጌሞች መሀል ይጠራል። ግን እዩ፣ ኒንቴንዶ ጥሎላቸው አልሄደም፣ የሬትሮን ሌሎች ስራዎች ዘግቶ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ እንዲያተኩር አደረገ፣ የጃፓኖቹ ፕሮዲውሰሮችም ከጎናቸው አልጠፉም።

አሁን ገልብጡት። በ2010 ሜትሮይድ አዘር ኤም ወጣ፣ ታሪኩን የጻፈውና የመራው ዮሺዮ ሳካሞቶ ነው፣ ከመጀመሪያው ሜትሮይድ ጀምሮ የነበረ ሰውዬ፣ ከጸሐፊው መስፈርት ብትነሳ ከዚህ በላይ ባለቤት የለም። የሆነው ምንድነው፣ የጌሙ ጀግና ሳሙስ መሳሪያዋን ሁሉ ታጥቃ እያለ ኮማንደሩ አዳም ካልፈቀደላት አትጠቀምም፣ ሙቀት የሚከላከለውን ልብሷን ለብሳ እሳተ ገሞራ የሞላበት ቦታ እየተቃጠለች ትሮጣለች፣ ለምን፣ አዳም እስኪፈቅድ። ሰው ያን ጊዜ የተናደደውን ንዴት እስካሁን አልረሳውም። በ2021 ደግሞ ሜትሮይድ ድሬድን የስፔኑ መርኩሪስቲም ሰራው፣ ሳካሞቶ ፕሮዲውሰር ሆኖ፣ በዛው ዓመት ጌም አዋርድስ ላይ የምርጥ አክሽን አድቬንቸር ሽልማቱን ወሰደ። አንድ ሰው ነው፣ አንዴ ብዕሩን ይዞ አበላሸው፣ አንዴ ሌሎች ሲሰሩ ከኋላ ቆሞ አሳመረው። ከመጀመሪያ ጀምሮ መኖር ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ጊዜንም እዚሁ ላንሳው ምክንያቱም ጸሐፊው አንዴም አልጠቀሰውም። ኮል ኦፍ ዱቲ 3ን ትሬያርክ ለሚባል ሌላ ስቱዲዮ ሰጡትና ዓመት እንኳን ሳይሞላቸው በ2006 አስወጧቸው፣ ያኔ «ከኢንፊኒቲ ዋርድ ውጪ ያለው ኮል ኦፍ ዱቲ አይደለም» ተባለ። ቀጥሎ ሁለት ዓመት ገደማ ሰጧቸው፣ ዎርልድ አት ዋርን ይዘው መጡ፣ ካምፔይኑን ጨርሰህ የሰሪዎቹ ስም አልፎ ዞምቢ የሚመጣበትን፣ በኋላ ጭራሽ የኮል ኦፍ ዱቲ ዋና መለያ የሆነውን። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ታፔላቸውም ያው ነው። ፎልአውት በሚባለው ጌም ላይም እንደዚሁ፣ ከተከታታዮቹ አንዱን ኒው ቬጋስን የሰራው ኦብሲዲያን የሚባል ስቱዲዮ ውስጥ የድሮውን ፎልአውት የሰሩ ሰዎች ነበሩበት፣ ማለትም ጸሐፊው የሚመኘው «ወደ ባለቤቱ ይመለስ» የሚለው ነገር በ2010 በተግባር ተደርጓል ማለት ይቻላል፣ ግን 18 ወር ብቻ ነው የተሰጣቸው፣ ጌሙ በባግ ተሞልቶ ወጣ፣ ሜታክሪቲክ ላይ 84 አገኘ፣ ከኦብሲዲያን መስራቾች አንዱ ክሪስ አቨሎን በኋላ እንደተናገረው ቦነስ የሚከፈላቸው 85 ቢያመጣ ነበር። ባንድ ነጥብ! ዛሬ ብዙ ሰው የፎልአውት ምርጡ እሱ ነው ይላል፣ እኔም እላለሁ።

ሰሪዎቹ ሲሄዱ ጌሙም ያብቃ ላለው

ማን ያብቃው? ጸሐፊው ጌሙ የሰሪዎቹ ንብረት አስመስሎ ነው የሚያወራው፣ ወረቀቱ ግን እነሱ ጋ አይደለም። የፎልአውት የድሮ ባለቤት ኢንተርፕሌይ ገንዘብ ሲቸግረው ፎልአውትን በ2007 ለቤተስዳ በ5.75 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው፣ የፈጠሩትን ልጆች ማን ጠየቃቸው። ባለቤቱ ካምፓኒው እስከሆነ ድረስ ስሙ ገንዘብ እስካመጣ ይሰራዋል፣ «ያብቃ» ብለን ብንጮህ አይሰማንም። «ስንት ዓመት ሰጣችኋቸው፣ ኮዱን በሙሉ አስረከባችኋቸው ወይ፣ ሰራተኛው ቋሚ ነው ወይስ ተመላላሽ፣ ካልደረሰ ታዘገዩታላችሁ ወይ» ብለን ከጠየቅን ግን መልስ ሊኖር ይችላል። ኒንቴንዶ ሜትሮይድ ፕራይም 4ን በ2017 አሳውቆ፣ ጃንዋሪ 2019 ላይ ወጥቶ የደረሰበት ደረጃ አላረካንም፣ ከዜሮ ሬትሮ ይሰራዋል አለ፣ ጌሙ የወጣው በ2025 መጨረሻ ነው። የጌሙ ነገር ሌላ ጊዜ ይወራል፣ ግን «አልሆነም፣ እንደገና» ማለት የሚችል ባለቤት ማለት ይሄ ነው፣ ሮክስታር በ2021 ያላለው ይሄንን ነው።

አንድ ነገር ልስማማለት፣ ሁሉም ጌም መቀጠል አለበት አልልም፣ ያለቀ ታሪክ አለ፣ እየጎተቱ ከማበላሸት ማሳረፍ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ግን እሱ በታሪኩ የሚወሰን ነገር ነው፣ የደሞዝ ወረቀቱ ላይ ማን ይፈርማል በሚለው አይደለም። በጸሐፊው ደንብ ብንሄድ ሜትሮይድ ፕራይም የለም፣ ኒው ቬጋስ የለም፣ በፒኤስፒ የተጫወትናቸው ሁለቱ ጎድ ኦፍ ዋሮችም የሉም፣ እነሱን ሬዲ አት ዶን የሚባል ሌላ ስቱዲዮ ነው የሰራቸው፣ ስንቶቻችን እናውቅ ነበር? ማንም ነፍሱ ወጥታለች አላለም እኮ፣ ስላላወቀ።

መጨረሻ ላይ ጸሐፊው በ2026 ይወጣል የተባለውን ሄይሎ ካምፔይን ኢቮልቭድን፣ የ2001ዱን ካምፔይን እንደገና የሚሰራውን፣ ከወዲሁ አትግዙ ብሎናል። የሚገርመው ይሄ ጌም ለፒኤስ 5 ጭምር ነው የሚመጣው፣ ሄይሎ በፕሌስቴሽን ሲወጣ ይሄ የመጀመሪያው ነው፣ እኛ አገር ደግሞ ኤክስቦክስ ያለው ሰው ፈልገህ ነው የምታገኘው፣ አብዛኛው የሄይሎውን ጀግና ማስተር ቺፍን የሚያውቀው በዩቲዩብ ነው። ተጫውቶት የማያውቀውን ሰው ሞቷል ብሎ ማስለቀስ ምን ይባላል? እኔ በበኩሌ በወጣ ሰሞን አልገዛም፣ ሰው ተጫውቶት የሚለውን ሰምቼ፣ ዋጋውም ትንሽ ወረድ ሲል፣ የመጀመሪያው ፓች (ማስተካከያ) ስንት ጊጋ እንደሆነ አይቼ እወስዳለሁ፣ የኛን ኢንተርኔት ታውቁት የለ።